አሥር በስንት መንገድ ይሠራል?



ዛሬ የምጽፍላችሁ ልጆቻችሁ ቁጥር ስለሚማሩበት መንገድ ነው። ፊደል የለያችሁት በቅርቡ ስለሆነ አጠር አጠር አድርጌ እጽፋለሁ፤ ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ከተቻለም አንድ ጭብጥ ባቄላ በሰፌድ አጠገባችሁ አስቀምጡ። ባቄላው ለምን እንደሆነ ወደ ታች ትደርሱበታላችሁ።

ነገሩ የተነሳው ከእኔው ጥፋት ነው። ክረምቱን የዘመትኩት ሰሜን ሸዋ፣ ደጋው ላይ ነው። ማታ ማታ ትልልቆቹን፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሕፃናቱን አስተምራለሁ። አንድ ቀን ሰሌዳው ላይ 6 + 4 = 10 ብዬ ጻፍኩ። ሕፃናቱም «ስድስትና አራት አሥር» እያሉ በዜማ ተከተሉኝ። ዳሱ ሞቀ፤ እኔም ደስ አለኝ። በማግሥቱ «አሥር ከምንና ከምን ይሠራል?» ብዬ ጠየቅሁ። የሰባት ዓመት እረኛ ተነስቶ «ከሰባትና ከሦስት፣ ጋሼ» አለኝ። እኔ የጠበቅሁት ስድስትና አራት እንዲለኝ ነበር። «ተሳስተሃል! ትናንት ምን አልን?» ብዬ አስቀመጥኩት። ልጆቹ ሳቁበት።

አያችሁልኝ? ልጁ ምንም አልተሳሳተም። የተሳሳትኩ እኔ ነኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ልጁ አፉን አልከፈተም። ሲጠየቅ ጣቶቹን ከጀርባው ደብቆ ከአንድ ጀምሮ ይቆጥራል፤ ይደናገርና ዝም ይላል። አባቱም ይህን ሰምተው «ይሄ ልጅ ቁጥር አይገባውም። መስከረም ሲጠባ ትምህርት ቤት ሰድጄ ምን ይሠራልኛል? በጎቹን ይጠብቅ» አሉኝ። መልስ አጣሁ።

ሁለት ቀን ቆይቼ ልጁን መስክ ላይ ከበጎቹ ጋር አገኘሁት። ስንት ናቸው ስለው አሥር አለኝ። ዝናብ ሲመጣና ሲበታተኑ አለመጉደላቸውን በምን እንደሚያውቅ ጠየቅሁት። «ሰባቱ እናቶች ናቸው፣ ሦስቱ ግልገሎች። ጥቁሮቹ ስድስት፣ ነጮቹ አራት» አለኝ። ማታ ወደ በረት ሲያስገባ አንድ ቢጎድል እናት ትሁን ግልገል፣ ጥቁር ትሁን ነጭ ወዲያው ያውቃል። እኔ ሰሌዳ ላይ የጻፍኩትን ስድስትና አራትንም ያውቀው ኖሯል። አፈርኩ።

እንግዲህ ሐሳቤ ይህ ነው። እኛ አስተማሪዎችም እናንተም ልጆችን «ስድስትና አራት ስንት ነው?» እያልን ብቻ እንጠይቃለን። ይህ ጥያቄ አንድ መልስ ብቻ ስላለው ልጁ ወይ ያገኘዋል ወይ ይስተዋል፤ ሲስተው ይሳቅበታል፣ አንዳንዴም ይመታል። ጥያቄውን ገልብጡት፤ «አሥር በምን በምን ይሠራል?» በሉት። አሁን መልሱ ብዙ ነው። የፈራውም ልጅ አንዱን ያገኛል፤ ያገኘ ልጅ ደግሞ ሌላውን ይፈልጋል።

አሁን ባቄላውን አምጡ። አሥር ቆጥራችሁ ሰፌዱ ላይ አድርጉና ለሁለት ክፈሉት። 9 እና 1፣ 8 እና 2፣ 7 እና 3፣ 6 እና 4፣ 5 እና 5። አምስት መንገድ ነው። 3 እና 7 ስትሉ ያው ሰባትና ሦስት ዞሮ መጣ እንጂ አዲስ አይደለም። ይህንንም ግን ልጁ ራሱ ይድረስበት፤ ሰፌዱን አዙሩለትና ይየው። ቀጥሎ ለሦስት ክምር ይክፈለው። እዚህ ላይ እኔ ሰባት መንገድ አግኝቼ «በቃ፣ አለቀ» ብዬ ነበር። ወንድሟን አዝላ በር ላይ ቆማ የምታይ ልጅ «አራት፣ ሦስት፣ ሦስትስ?» አለችኝ። ትክክል ናት፤ ስምንት ነው። ይህች ልጅ እኮ ትምህርቱን የምትሰማው በር ላይ ቆማ ነው። ሴቶች ልጆቻችሁን ገብተው ይቀመጡ በሏቸው፤ ይህን ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም።

የአምስት ዓመት ሕፃን ላይ ግን አሥርን አትጫኑበት። በአምስት ይጀምር፤ አንድ እጁ ይበቃዋል። 4 እና 1፣ 3 እና 2። ሲለምደው ወደ ስድስት፣ ወደ ሰባት ይለፍ። አንድ ጨዋታም አለ። አሥር ባቄላ ያዙና ጥቂቱን ጨብጣችሁ ደብቁ፣ የቀረውን አሳዩት። «ሰባት ይታያል፤ ስንት ተደበቀ?» በሉት። ልጁ ሦስት ካለ እጃችሁን ከፍታችሁ አሳዩት። ሳያውቀው መቀነስን ተማረ ማለት ነው።

«ይህ ሁሉ ለምን ይጠቅማል?» የሚል ይኖራል። ስምንትና አምስትን ደምር ሲባል መንገዱን የማያውቅ ልጅ ከአንድ ጀምሮ እስከ አሥራ ሦስት በጣቱ ይቆጥራል፤ ጣቱም ያልቅበታል። የሚያውቀው ግን ከአምስቱ ሁለት ያነሳና ለስምንቱ ይሰጣል። አሥር ሞላ፤ ሦስት ተረፈ። አሥራ ሦስት። ቋንቋችንም የሚለው ይህንኑ ነው፤ አሥር እና ሦስት። በግእዙም ቁጥር ፲፫ ስንጽፍ አሥሩን ፲ ከሦስቱ ፫ ጎን ማስቀመጣችን ነው።

ገበያ ላይም ያው ነው። የሰባ ብር እንቁላል ሸጣ መቶ ብር የተቀበለች ልጅ፣ ሰባትና ሦስትን ካወቀች ሰባና ሠላሳን ታውቃለች፤ ሠላሳ ብር ትመልሳለች። መቶ ብር በሁለት ሃምሳ ይሠራል፣ በአንድ ሃምሳና በአምስት አሥርም ይሠራል። በ2013 ዓ.ም. የሁለት መቶ ብር ኖት ከመጣ ወዲህ ደግሞ መልስ የሚዞርበት መንገድ በዝቷል። ልጃችሁን ለዚህ አዘጋጇት።

ይህን ነገር እኔ አልፈጠርኩትም። ጣሊያን አገር ማሪያ ሞንቴሶሪ የሚባሉ ሴት ሐኪም ነበሩ። በ1899 ዓ.ም.፣ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1907፣ ሮም ከተማ ሳን ሎሬንዞ በሚባል የድሆች ሰፈር ለሠራተኞች ልጆች የሕፃናት ቤት ከፈቱ። ሕፃናቱ ከሚማሩባቸው ነገሮች አንዱ አሥር ዘንግ ነበር። አጭሩ አሥር ሳንቲ ሜትር፣ ረጅሙ አንድ ሜትር ነው። ልጁ አንዱን ከዘጠኙ ጫፍ፣ ሁለቱን ከስምንቱ፣ ሦስቱን ከሰባቱ፣ አራቱን ከስድስቱ እየገጠመ ሁሉንም ከአሥሩ ዘንግ ጋር ያስተካክላል። አምስቱ ብቻውን ይቀራል፤ እሱን አንድ ጊዜ አገላብጦ ቢያስቀምጠው አሥሩን ይሞላል፤ አምስት ሁለት ጊዜ አሥር ነው። ከባሕር ዛፍ ጭራሮ ቆርጣችሁ እናንተም ልትሠሩት ትችላላችሁ። እኔ ግን ባቄላው ይበልጥብኛል፤ የትም ቤት አይጠፋማ።

አብረውኝ ከዘመቱት አንዳንዶቹ «መልስ ሲበዛበት ልጅ ይደናገራል፤ መጀመሪያ አንዱን በቃሉ ይያዝ» ይሉኛል። በቃል መያዝን አልጠላም። ሰባትና ሦስት ሲባል አሥር ከምላስ ላይ መውጣት አለበት። ነገር ግን በእጁ ሠርቶ ያየውን ይያዝ እንጂ፣ ያላየውን በዜማ ቢጮኽ ምን ይሆነዋል? እኔም ልጅ ሳለሁ እንዲያ ጮኼ ነው ያደግሁት፤ ሰባትና ስምንትን ለመደመር እስከ ስድስተኛ ክፍል ጣቴን ከጠረጴዛ በታች እቆጥር ነበር።

ባለፈው ሳምንት ማታ ወደ ልጁ ቤት ሄድኩ። በመጀመሪያ በአባቱ ፊት ይቅርታ ጠየቅሁት፤ ትክክል እንደነበረም ተናገርኩ። ከዚያ እናቱ ባቄላ በሰፌድ አመጡ። ልጁ አምስቱንም መንገድ በየተራ ሠራው። አባቱ ጥቂት ዝም ብለው አዩና አንዲት ባቄላ ከሰፌዱ አንስተው ጨበጡ። «ስንት ቀረ?» አሉት። «ዘጠኝ፣ የእርስዎ አንድ» አላቸው። ሳቁ።

ስለ ትምህርት ቤቱ ስጠይቃቸው «መስከረም ይድረስና እናያለን» አሉኝ። እኔ የምመለሰው በነሐሴ መጨረሻ ነው። ከመሄዴ በፊት እንደገና እጠይቃቸዋለሁ። እስከዚያው ከበጎቹ አንዷ ወልዳለች፤ ልጁም ማታ ማታ አሥራ አንድን ይሠራል።