ኮዱ በእንግሊዝኛ፣ ሳይቱ በጣሊያንኛ

እንደሚታወቀው ልደታ ማርያም አካባቢ ቆሞ ዙሪያውን ለሚመለከት ሰው አዲስ አበባ በአጭር ጊዜ ምን ያህል እንደተለወጠች ለማወቅ ሌላ አስረጂ አያስፈልገውም። በ2000ዎቹ ዓ.ም መጀመሪያ አሮጌዎቹ የጭቃ ቤቶች ፈርሰው በቦታቸው ኮንዶሚኒየም ቆመ፤ መስታወት የለበሱት የንግድ ሕንፃዎች ተከተሉ፤ በ2008 ዓ.ም ደግሞ ባቡሩ ሥራ ጀመረ። እኛ የዚህ ዲፓርትመንት ተማሪዎች ሕንፃ ስናይ ብዙውን ጊዜ የምንጠይቀው "ስንት ፎቅ ነው?" ብለን ነው። እኔ ግን ከአፓረንትሺፕ ከተመለስኩ ወዲህ ሌላ ጥያቄ ይመጣብኛል። ይህ ሕንፃ ሲሠራ ማን አየው? ያየውስ ሰው የመጣው ብረቱ ገና በሚታይበት ሰዓት ነው ወይስ አርማታው ከሸፈነው በኋላ?

አገራችን ሕግ የላትም ማለት ሐሰት ነው። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ እንኳ ተቋራጩ ለሠራው ግንባታ ጥንካሬ ለ10 ዓመት ዋስ እንዲሆን ደንግጓል። በ2001 ዓ.ም የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ደግሞ ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ከፍሎ፣ ተራውን ባለ አንድ ወለል ቤት ለብቻ፣ የሕዝብ መገልገያዎችን፣ ፋብሪካዎችንና ከ12 ሜትር በላይ የሚረዝሙትን ለብቻ አድርጎ፣ "የሕንፃ ሹም" የሚባል ኃላፊ አቋቁሞ፣ ለግንባታም ሆነ ለመጠቀም ፈቃድ የሚጠየቅበትን ሥርዓት ዘርግቶ ነበር። ከተማችንም የግንባታ ፈቃድና ቁጥጥር ባለሥልጣን አላት፤ ሥራውም እስከ ክፍለ ከተማና ወረዳ ድረስ ይወርዳል። አዋጅ ይወጣል፣ ይሻሻላል፣ መመሪያ ይከተለዋል። በዚህ በኩል ድሆች አይደለንም።

ኮዱም ቢሆን አለ። አስተማሪዎቻችን የተማሩበት ኢ.ቢ.ሲ.ኤስ. እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣ ሲሆን፣ እኛ የምንማረው ከአውሮፓ ኮድ የተወሰደው ኢ.ኤስ. ኢ.ኤን. ደግሞ እ.ኤ.አ. የ2015 ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ቀላል አይደለም። የድሮው የመሬት መንቀጥቀጥ ካርታ የተሠራው በ100 ዓመት የመመለሻ ጊዜ ሲሆን አዲሱ ወደ 475 ዓመት ከፍ አደረገው፤ በዚህም ምክንያት ለአዲስ አበባ የሚወሰደው የመሬት ፍጥንጥነት ከስበት ኃይል 0.05 እጅ ወደ 0.10 እጅ ወጣ። እጥፍ ማለት ነው! ይህንን ቁጥር ፈተና ላይ ያልጻፈ ተማሪ በመካከላችን ያለ አይመስለኝም።

ታዲያ ችግሩ ምንድነው? በእኔ አስተያየት አንድ ሕንፃ በዚህ ከተማ ውስጥ የሚሠራው በሦስት ቋንቋ ነው። ኮዱ በእንግሊዝኛ ተጽፏል። ሳይቱ የሚነጋገረው በጣሊያንኛ ነው፤ አርማታ፣ ፌሮ፣ ስታፋ፣ ሶሌታ፣ ብሎኬት፣ ላሜራ፣ ሊሾ፣ ኮርኒስ የምንላቸው ሁሉ ከጣሊያኖች የቀሩ ቃላት ናቸው፤ ሙያውም ከቃላቱ ጋር ከአንዱ ሠራተኛ ወደ ሌላው በማየት ሲተላለፍ እዚህ ደርሷል። አለመግባባት ተፈጥሮ ነገሩ ፍርድ ቤት ሲደርስ ደግሞ እዚሁ ልደታ ምድብ ችሎት በአማርኛ ይከራከሩበታል። (እዚያ የሚቀርበው የምስክር ቃል ከሦስቱ ቋንቋዎች በየትኛው እንደሚጀምር አንድ ቀን ሄጄ ማዳመጥ እፈልጋለሁ።) ብረቱን በእጁ የሚያስረው ፌራዮ ግን ከነዚህ መካከል የሚሰማው የመጀመሪያውን አይደለም። ኮዱ እሱ ጋ ደርሶ አያውቅም።

አፓረንትሺፕ የወጣሁበት ሳይት ላይ የነበሩት ፎርማን ከ20 ዓመት በላይ የሠሩ፣ ሁሉም ሰው "ጋሼ" የሚላቸው፣ ቱምቢ ሳይጥሉ ግድግዳ መጣመሙን በዓይናቸው የሚያውቁ ሰው ናቸው። አንድ ቀን የኮለን ብረት ሲታሰር አየሁና የስታፋው ጫፍ ሁሉ እንደ በር ማዕዘን ቀጥ ብሎ ታጥፏል። ኮዱ የሚለው ሌላ ነው።

"ጋሼ፣ የስታፋው ጫፍ 135 ዲግሪ መሆን አለበት እኮ፤ ይኼ 90 ነው" አልኳቸው።

"ዲግሪው ያለው አንተ ጋ ነው ኢንጂነር፤ እኔ ጋ ያለው ፌሮ ማጠፊያ ነው" ብለው ሠራተኛውን በሙሉ አሳቁብኝ።

ቁራጭ ፌሮ አንስቼ ጫፉን ወደ ኮለኑ ሆድ አስገብቼ አጠፍኩና አሳየኋቸው። መሬት ሲንቀጠቀጥ መጀመሪያ የሚረግፈው የውጪው ሽፋን ነው፤ ሽፋኑ ሲረግፍ ቀጥ ብሎ የታጠፈው ስታፋ የሚይዘው ስለማይኖር ይከፈታል፤ ስታፋው ሲከፈት የቆመው ብረት ወደ ውጪ ይወጠራል፤ ከዚያ ኮለኑ ቁልቁል ይቀመጣል። ይህንን በእጄ እያሳየሁ ስነግራቸው ጋሼ ትንሽ ዝም አሉና "እንዴ! ወደ ውስጥ ይንከስ አትለኝም!" አሉኝ። ወዲያው ወደ ፌራዮው ዞረው "ሁሉንም አስነክሰው!" አሉት። ከዚያ ቀን በኋላ በዚያ ሳይት ላይ የማይነክስ ስታፋ አላየሁም።

ይህንን የምጽፈው ፎርማኑን ለማስተማር ችያለሁ ብዬ ለመኩራራት አይደለም፤ እሳቸው በሦስት ወር ያስተማሩኝን እኔ በሦስት ዓመት አልመልስላቸውም። ያስገረመኝ ግን መመሪያው እዚያው ሳይት ላይ፣ እዚያው ድሮዊንግ ላይ ተጽፎ ነበር። ወረቀቱ ጥግ ላይ፣ በደቃቅ ፊደል፣ በእንግሊዝኛ። ዲዛይኑን የሠራው ሰው ግዴታውን ተወጥቷል፣ ያጸደቀውም ክፍል ማኅተሙን አሳርፏል። ሁሉም በየድርሻው ትክክል ነበር፤ ስታፋው ግን ስህተት ነበር።

ተቆጣጣሪውስ? እኔ በነበርኩበት ጊዜ መጥቷል። ፈቃዱን አየ፣ የፎቁን ብዛት ቆጠረ፣ ሕንፃው ከወሰኑ የራቀበትን ርቀት ለካ፣ ሄደ። ሥራውን አልሠራም አልልም፤ የተሰጠው ቅጽ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ነገር ግን ሶሌታው የተሞላው ቅዳሜ ከሰዓት ነበር፣ እሱ የመጣው ደግሞ ማክሰኞ። አርማታ አንዴ ከተሞላ በኋላ ሆዱን አያሳይም። በእኔ ግምት የቁጥጥር ሁሉ ፍሬ ነገር ያለው ብረቱ ታስሮ ባለቀበትና የመጀመሪያው ባሬላ በሚፈስስበት መካከል ባለችው አጭር ሰዓት ውስጥ ነው። እዚያች ሰዓት ላይ ያልተገኘ ተቆጣጣሪ ከዚያ በኋላ አሥር ጊዜ ቢመላለስ የሚያየው ልስን ነው።

ብዙ ሰው ይህ ነገር ሲነሳ "ዋናው በሽታ ሙስና ነው" ይላል። ሙስና የለም የሚል ሞኝ የለም፤ ላይሰንስ ማከራየትም በየካፌው የሚወራ ጉዳይ ነው። ግን እስቲ ልጠይቅ፤ ነገ ጠዋት ሁሉም ተቆጣጣሪ ንጹሕ ቢሆን ያ ስታፋ ይታጠፍ ነበር? ውሃውስ? አርማታው ጠጠር ብሎ አልፈስስ ሲል "ውሃ ጨምርበት" የሚለው ልጅ ጉቦ በልቶ አይደለም እኮ። ውሃ በተጨመረ ቁጥር ጥንካሬው እንደሚወርድ የነገረው ሰው ስለሌለ ነው። በላብራቶሪ የሚሰበሩት 15 ሴንቲ ሜትር ኪዩቦች በ7 እና በ28 ቀን ጥሩ ውጤት ሊያመጡ ይችላሉ፤ ኪዩቡ የሚሞላው ውሃው ከመጨመሩ በፊት ከሆነ ግን ውጤቱ የሚናገረው ስለ ኪዩቡ ብቻ ነው።

አንዳንዱ ደግሞ "እዚህ አገር መሬት አይንቀጠቀጥም፣ ምን ያስጨንቅሃል?" ይለኛል፤ ይል ነበር ብል ይሻላል። ከመስከረም 2017 ዓ.ም ጀምሮ በፈንታሌና በአዋሽ አካባቢ የነበረው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቶ ሰው ከኮንዶሚኒየም ደረጃ እየሮጠ ሲወርድ፣ በየካቲት 7 ቀን 2017 ዓ.ም ደግሞ መጠኑ 6 ሲደርስ ይህ ወሬ ቀርቷል። ቀድሞም ቢሆን በ1953 ዓ.ም የካራ ቆሬው መንቀጥቀጥ ማጀቴን እንዳፈረሰ ታላላቆቻችን ያውቃሉ። የዚያን ጊዜ የአዲስ አበባ ቤት በአብዛኛው ጭቃና እንጨት ነበር፤ አሁን ከላያችን ያለው አርማታ ነው። ቱርክ በዚህ ረገድ ከእኛ እጅግ የተሻለ ኮድ ነበራት፤ የሕንፃ ቁጥጥር ሕግም እ.ኤ.አ. በ2001 አውጥታለች። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2023 ግን ከ50 ሺህ በላይ ዜጎቿን ቀብራለች።

ለአደጋ መንቀጥቀጥም አያስፈልግም። መስከረም 21 ቀን 2018 ዓ.ም በምንጃር ሸንኮራ አረርቲ፣ በማርያም ዕለት፣ በግንባታ ላይ ባለው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የእንጨት ርብራቡ ተደርምሶ ቢያንስ 36 ሰዎች አለቁ። ርብራብ በኮዳችን ውስጥ ብዙ ገጽ የለውም፣ በክላስም ቢሆን አንድ ሌክቸር አይሞላም፤ "ጊዜያዊ ሥራ" ተብሎ ይታለፋል። ባሕር ዛፉን በሚስማርና በሽቦ የሚያያይዘው ሰው ስንት ሰው ሊሸከም እንደሚችል የሚያሰላበት ነገር የለውም፤ ስንት ሰው ሊወጣበት እንደሚችልም የሚጠይቀው የለም። የልደታ ማርያም ንግሥ ሲደርስ የሚመጣውን ሕዝብ የምናውቅ ሰዎች ይህ ወሬ ሲሰማ ምን እንደተሰማን መናገር አያስፈልግም።

ወደ ሥልጠናው ልምጣ። ተቋራጮች ከደረጃ 1 እስከ 10 ሲመደቡ ሲቆጠር የኖረው ማሽን፣ ገንዘብና የተመዘገበ ኢንጂነር ነው። ኢንጂነሩ አንዳንዴ ዲፕሎማው ብቻ ቢሮ ውስጥ ተሰቅሎ እሱ ሌላ ከተማ ይሠራል። ፎርማኑ ግን አይቆጠርም፣ ፌራዮው ጭራሽ አይታሰብም። በአንጻሩ እዚሁ ሜክሲኮ አጠገብ ተግባረዕድ አለ፤ የቴክኒክና ሙያ ተቋማት ግንበኛና አናጢ ያሠለጥናሉ፤ የብቃት ምዘናው (ሁላችንም ሲኦሲ የምንለው) ተዘርግቷል። ኮንዶሚኒየሙ ሲጀመርም በጥቃቅንና አነስተኛ የተደራጁ ብዙ ወጣቶች ብሎኬት መሥራትና ብረት ማሰር የተማሩት በዚያው በሥራው ላይ ነበር፤ ስለዚህ አይቻልም የሚባል ነገር አይደለም። የጎደለው የሚጠይቅ ነው። እኔ ሳይት ላይ በቆየሁበት ጊዜ አንድም ሰው ለቅጥር የብቃት ወረቀት ሲጠየቅ አላየሁም፤ "የት ሠርተሃል?" ይባላል፣ በነጋታው ሥራ ይጀምራል። ለተቋራጭ ደረጃ ሲሰጥ ምዘና ያለፈ ፎርማንና ፌራዮ እንደ ሎደርና እንደ ገልባጭ መኪና ቢቆጠር፣ ወረቀቱ ዋጋ ስለሚኖረው ሠራተኛው ራሱ ሮጦ ይማራል።

ሁለተኛው ነገር ከኛው ዲፓርትመንት አቅም በላይ አይደለም። ኮዱን በሙሉ ይተርጎም አልልም፤ የስሌቱ ክፍል ለፎርማን አይጠቅመውም፣ የሚተረጉመውም ሰው ያብዳል። የሚያስፈልገው እጅ የሚሠራበት ክፍል ብቻ ነው፤ ስታፋ እንዴት እንደሚነክስ፣ ኮለን ከላይና ከታች ጫፉ ላይ ስታፋው ለምን ጠጋ ጠጋ እንደሚል፣ ለአንድ ኩንታል ሲሚንቶ ውሃው ስንት እንደሆነ፣ አርማታ ከተሞላ በኋላ ቢያንስ ለ7 ቀን ለምን ውሃ እንደሚጠጣ፣ ርብራብ የት የት እንደሚታሰር። በሥዕል፣ በትልቅ ፊደል፣ ሳይቱ በሚናገርባቸው ቃላት። በአማርኛ ብቻ መሆንም የለበትም፤ ቀን ሠራተኛው ከወላይታም ከጎጃምም ከወለጋም ስለሚመጣ ሥዕሉ ከጽሑፉ ይልቅ መብዛት አለበት። ተቆጣጣሪውም ያንኑ ወረቀት ይዞ ቢመጣና ቅዳሜ ከመሞላቱ በፊት ፎርማኑን ቁጭ አድርጎ ቢያነጋግር፣ ቁጥጥሩም ሥልጠናውም በአንድ ሰዓት ያልቃል።

አንድ አስተማሪያችን ይህንን ሐሳብ ስነግራቸው "ይህ የተመራቂ ፕሮጀክት አይሆንም፣ ስሌት የለውም" አሉኝ። አክብሮቴ እንደተጠበቀ ሆኖ እዚህ ላይ አልስማማም። ለአንድ ባለ 10 ፎቅ ሕንፃ ዲዛይን በየዓመቱ በርካታ ግሩፕ ተመሳሳይ ፋይል ያስረክባል፤ አንዱ ግሩፕ ሳይት ወርዶ ይህንን ቢሠራ ዲፓርትመንቱ ምን ይጎድልበታል?

ለመነሻ ያህል ከጋሼና ከሌሎች ሠራተኞች የለቀምኳቸውን የሳይት ቃላት ከኮዱ ቃላት ጎን ለጎን በደብተር ጽፌ ዲፓርትመንቱ ቢሮ አስቀምጫለሁ። አፓረንትሺፕ የምትወጡ ልጆች ስትመለሱ የሰማችሁትን ጨምሩበት። ለርብራብ የተተወው ገጽ እስካሁን ባዶ ነው።