የቁጥር ዓምድ፦ 720,720ን እንመርምር

ወገኖች! ባለፉት ሳምንታት ማካፈልን ተምረናል። ዛሬ ከፍ ያለ ቁጥር እንመለከታለን። ቁጥሩ 720,720 ነው።

እስቲ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡት። ከምልክቷ በስተግራ ያለው ሺህ ነው። ስለዚህ ሰባት መቶ ሃያ ሺህ ሰባት መቶ ሃያ ይባላል።

ይህ ቁጥር ልዩ ጠባይ አለው። ከ1 እስከ 16 ላሉት ቁጥሮች ሁሉ ያለ ትርፍ ይካፈላል። ከ1 ጀምራችሁ ብትቆጥሩ፣ ይህ ጠባይ ያለው የመጀመሪያው ቁጥር እሱ ነው። ለ17 ግን እንቢ ይላል፤ 5 ይተርፋል።

ታዲያ ሳናካፍል ጠባዩን ማወቅ እንችላለን? አንዳንዱን አዎ። መጨረሻው 0 ስለሆነ ለ2፣ ለ5 እና ለ10 ይካፈላል። ለ9 መካፈሉን ለማወቅ ደግሞ አሃዞቹን ደምሩ።

7 + 2 + 0 + 7 + 2 + 0 = 18

18 ለ9 ይካፈላል። እንግዲያው 720,720ም ይካፈላል። ለምን ቢሉ፣ ከ10 ላይ 9 ሲነሣ 1 ይቀራል። ከ100 ላይ 99 ሲነሣም 1 ይቀራል። ስለዚህ 20 ለ9 ሲካፈል 2 ይተርፋል፤ 700 ሲካፈል 7 ይተርፋል። ትርፉ አሃዙ ራሱ ነው ማለት ነው።

ነገር ግን ተጠንቀቁ! 702,720 ተብሎ ቢጻፍም የአሃዞቹ ድምር ያው 18 ነው። ልዩነቱ ግን 18,000 ነው። ስለዚህ የእያንዳንዱን አሃዝ ቦታ ተመልከቱ።

ይህ ሁሉ ምን ይጠቅማል? እንበል፣ 12 አባላት ያሉት ማኅበር እህል ሸጦ 720,720 ብር አገኘ። ሒሳብ ያዡ፣ «ለእያንዳንዳችሁ ስልሳ ሺህ ብር ደርሷችኋል» አለ። ለጆሮ ልክ ይመስላል። እስቲ እናባዛ። 12 ጊዜ 60,000 ማለት 720,000 ነው። 720 ብር የት ገባ? የአንዱ ድርሻ 60,060 ብር መሆን ነበረበት። ከእያንዳንዱ ሰው 60 ብር ጎድሏል።

ሒሳብ ያዡ ተሳስቶ ይሆናል። ገንዘቡ ለማኅበሩ ወጪ ተይዞም ይሆናል። ቢሆንም «ወረቀቱን አሳዩን» ማለት የአባላት መብት ነው። ጠርጥር፣ ከገንፎም ይገኛል ስንጥር ይባል የለ! ጣቱን ቀለም ነክሮ የሚፈርም ሰው የተነገረውን ይዞ ይሄዳል። እናንተ ግን አሁን አንብባችሁ፣ አስልታችሁ መፈረም ትችላላችሁ።

መልመጃ
1. 504,504 ለ9 ይካፈላል? አሃዞቹን ደምራችሁ እወቁ።
2. 15 አባላት 720,720 ብር ተካፈሉ። ለእያንዳንዳቸው 48,000 ብር ተሰጣቸው። ስንት ብር ቀረ?

በደብተራችሁ ሠርታችሁ ከጎረቤት ጋር ተያዩ። መልሱን በሚቀጥለው ሳምንት እናወጣለን።