ከሰርጓጅ መርከብ እስከ ጎግ

የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም. በመቶ ዓመታቸው ሲያርፉ መገናኛ ብዙኃን ደጋግመው ያነሱት የካምፕ ዴቪድን ስምምነት፣ የቴህራን ታጋቾችን የ444 ቀን መከራና የኖቤል ሽልማታቸውን ነበር። እኔ ግን እኚህን ሰው ሳስብ ቀድሞ የሚመጣብኝ የባሕር ኃይል መኮንንነታቸው ነው። ለእኛ አገር የዋሉት ውለታም ከዚያ የተቀዳ ይመስለኛል።

ከአናፖሊስ የባሕር ኃይል አካዳሚ የተመረቁት እ.ኤ.አ. በ1946 ነው። በሰርጓጅ መርከቦች ካገለገሉ በኋላ ኮስታራው የባሕር ኃይል መኮንን ሃይማን ሪኮቨር ለኑክሌር ሰርጓጅ መርከብ ፕሮግራም መረጧቸው። እ.ኤ.አ. በ1952 መጨረሻ ካናዳ ውስጥ ቾክ ሪቨር በተባለ ስፍራ የኑክሌር ማብላያ አደጋ ደርሶበት እምብርቱ በከፊል ቀለጠ። የ28 ዓመቱ መኮንን ባልደረቦቻቸውን ይዘው እንዲደርሱ ታዘዙ። ጨረሩ ሰው ከአንድ ደቂቃ ተኩል በላይ እንዲቆይ አይፈቅድም። ስለዚህ የማብላያውን አምሳያ በአቅራቢያው ባለ የቴኒስ ሜዳ ላይ ሠርተው፣ እያንዳንዱ ሰው የትኛውን ብሎን እንደሚፈታ ለይቶ እስኪያውቅ ተለማመዱ። ከዚያ ተራ በተራ ወረዱ። አዛዡም ወረዱ።

እ.ኤ.አ. በ1953 አባታቸው ሲሞቱ ከባሕር ኃይል ለቀው ጆርጂያ ወደሚገኘው የፕሌንስ መንደራቸውና ወደ ኦቾሎኒ እርሻቸው ተመለሱ። ፖለቲካውም እዚያው ጀመረ።

በፕሬዚዳንትነታቸው ዘመን የእኛ ትዝታ የተደባለቀ ነው። በ1969 ዓ.ም. መንግሥታቸው በሰብአዊ መብት ጥሰት ምክንያት ለደርግ የሚሰጠውን ወታደራዊ እርዳታ ቀነሰ፤ ደርግም የአሜሪካኖቹን የቃኘው ጣቢያ ዘጋ። መርሁን እደግፋለሁ። ሆኖም በዚያው ሰሞን ዋሽንግተን የሶማሊያውን ሲያድ ባሬን ለማስታጠቅ ፈቃደኛ መስላ መታየቷ ከዚያ መርህ ጋር አይታረቅም። የሶማሊያ ወረራ ከተጀመረ በኋላ እጇን ብትሰበስብም ለሐረርጌ ሕዝብ አልደረሰለትም። ከሥልጣን ከወረዱ በኋላም በ1982 ዓ.ም. መባቻ መንግሥትንና ሻዕቢያን አትላንታ ላይ ፊት ለፊት አስቀምጠው ነበር፤ ፍሬ አላፈራም። በ1997ቱ ምርጫ ታዛቢ ሆነው መጥተው በጊዜ የሰነዘሩት በጎ አስተያየትም ብዙዎችን አስቀይሟል።

ካርተር ለእኛ የሚመዘኑት ግን ከሥልጣን ወርደው በሠሩት የጤና ሥራ ነው። ጊኒ ወርም የድሃ በሽታ ነው። ከኩሬ ውሃ ጋር የተዋጠ ትል በሰውነት ውስጥ አንድ ዓመት ገደማ አድጎ፣ እስከ አንድ ሜትር ረዝሞ፣ አብዛኛውን ጊዜ በእግር ቆዳ በኩል እያቃጠለ ይወጣል። ክትባት የለውም፤ የሚያድን መድኃኒትም የለውም። ያለው ዘዴ ውሃን በጨርቅ ማጥለልና ትል የወጣበትን ሰው ኩሬ እንዳይገባ መጠበቅ ነው። ያቋቋሙት የካርተር ማዕከል በሽታውን የማጥፋት ዘመቻውን ሲይዝ፣ እ.ኤ.አ. በ1986፣ በዓለም ላይ በዓመት 3.5 ሚሊዮን ገደማ ሰዎች ይያዙ ነበር። በ2024 የተመዘገቡት 15 ናቸው። ይህ ውጤት የመጣው እንደ ቾክ ሪቨሩ ነው፤ መንደር በመንደር፣ ኩሬ በኩሬ፣ ለእያንዳንዱ ሰው የሚሠራውን ድርሻ በማስጠናት።

በአማራ ክልል ደግሞ ማዕከሉ ትራኮማን ተያያዘው። መድኃኒት ይታደላል፣ ወደ ውስጥ የታጠፈ ሽፋሽፍት በቀዶ ሕክምና ይስተካከላል፣ ፊት መታጠብ ይሰበካል፣ ዝንቡን ለመቀነስ መጸዳጃ ይቆፈራል። በምሥራቅ ጎጃም ሁለት እጁ እነሴን በመሰሉ ወረዳዎች የመጸዳጃው ሥራ ከታሰበው በላይ ተስፋፋ። በቀን ብርሃን ሜዳ መውጣት ነውር የሆነባቸው፣ እስኪመሽ ይታገሡ የነበሩ እናቶች ሥራውን የራሳቸው ስላደረጉት ነው። ካርተር ይህን በየመድረኩ በኩራት ይናገሩ ነበር። የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የነበረ ሰው ስለ ገጠር መጸዳጃ ሲያወራ ማፈር ያለበት ያን ያህል ዘመን ችላ ያለው ባለሥልጣን ነው።

የመጨረሻው ጊኒ ወርም ከእርሳቸው ቀድሞ እንዲሞት ይመኙ ነበር፤ አልሆነላቸውም። እ.ኤ.አ. በ2023 እና በ2024 በኢትዮጵያ በበሽታው የተያዘ ሰው አልተመዘገበም። ነገር ግን በጋምቤላ፣ በጎግና በአቦቦ አካባቢ ትሉ በውሾችና በዝንጀሮዎች ላይ ሲገኝ ቆይቷል፤ ከእንስሳቱ ወደ ኩሬው፣ ከኩሬውም ወደ ሰው መመለስ ይችላል። ጤና ሚኒስቴርና የክልሉ ጤና ቢሮ የመንደር ክትትሉን በጀት እንዳይነኩ፣ ኩሬ ለኩሬ የሚዞሩትን ሠራተኞችም እንዳይበትኑ አደራ እላለሁ።