ኢንፍሉዌንዛን በበረኪና

ብርዱ ሲገባ በሊባኖሷ ኻልዴ አፓርታማዎች ለኢንፍሉዌንዛ የሚደረገው ዝግጅት ከክሎሮክስ በረኪና ይጀምራል። ከቤቱ አንዱ ሲያስነጥስ ማዳም ጠርሙሱን ታወጣና የበር እጀታው፣ ሪሞቱ፣ የልጆቹ መጫወቻ ሁሉ ይወለወላል። የምትወለውለው የቤት ሠራተኛዋ ልጅ ናት። ራሷ ትኩሳት ይዟት፣ ወገቧ እየተቆረጠ፣ በአንድ እጇ አፍንጫዋን እየጠረገች በሌላው እጇ ታሻለች። ቤቱ ያብረቀርቃል፣ ቫይረሱ ግን በትንፋሿ አብሯት ከክፍል ክፍል ይዞራል። ከቀናት በኋላ ሚስተር ታሞ ሲተኛ በሽታውን ከውጭ ያመጣችው እሷ ትሆናለች። እሑድ ወጥታ ነበራ!

በረኪና ቫይረስ አይገድልም እያልኩ አይደለም፤ ይገድላል። እጅ መታጠብም ይጠቅማል። ኢንፍሉዌንዛ ግን በዋናነት ከሰው ወደ ሰው የሚሄደው በሳል፣ በማስነጠስና ተጠጋግቶ በማውራት ነው። የታመመ ሰው ምልክቱ ሊታይበት አንድ ቀን ሲቀረው ማስተላለፍ ይጀምራል፤ ከዚያም በኋላ አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት ቀን ያህል ያስተላልፋል። እንግዲህ የታመመችውን ሴት ሥራ ላይ አቁሞ ወለሉን ማስወልወል ምን የሚሉት መከላከል ነው? ቤቱን ለማዳን ተብሎ በሽታውን በየክፍሉ ማዞር ነው እንጂ።

ማዳምን ብቻ አልወቅስም። እኛም ኢትዮጵያውያን ከአገር ይዘነው የመጣነው እምነት ከእሷ ብዙ አይርቅም። በ1911 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ወረርሽኝ አዲስ አበባን ሲመታ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ሳይቀሩ ታመው ተነሡ፤ በሺዎች የሚቆጠር ሰው አለቀ፣ ቀባሪም ጠፋ። የኅዳር በሽታ ብለን የምንጠራው ያው ኢንፍሉዌንዛ ነበር። ከዚያ ወዲህ ኅዳር 12 በመጣ ቁጥር ቆሻሻ ሰብስበን እናቃጥላለን፤ በሚካኤል ዕለት ሰፈሩ በጭስ ሲታፈን እያየ ያላደገ አዲስ አበቤ የለም። ለመታሰቢያነቱ አልከራከርም። ለጤና ከሆነ ግን፣ የሚያስል ሰው ሳንባ ጨርሶ የማይፈልገው ነገር ቢኖር ጭስ ነው። ከመቶ ዓመት በላይ አልፎም በሽታው ከቆሻሻ ይመጣል የሚለውን ትምህርት አልተውንም። ኻልዴ ስንደርስ ጭሱን በክሎሮክስ ለወጥነው።

ከአሠሪ ቤት ውጭ የሚኖሩትን ፍሪላንሶች ክፍል ደግሞ በጥር ወር እሑድ ከሰዓት ገብታችሁ እዩት። ኪራዩን ለመጋራት ፍራሽ ከፍራሽ ተገጣጥሞ ተነጥፏል፤ ግድግዳው ከባሕሩ እርጥበት የተነሣ ጠቁሯል፤ በጋዝ የሚሠራው ማሞቂያ (ሶባ) መሐል ላይ ይነዳል። ከኤርፖርቱ የሚነሣው አውሮፕላን መስታወቱን ያርገበግበዋል፣ መስታወቱን የሚከፍት ግን የለም፤ ብርድ ይመታናል ተብሎ። ቡና ይፈላል፣ ዕጣን ይጨሳል፣ ከየአሠሪው ቤት ፈቃድ ያገኙት ልጆችም እዚያው ይታጨቃሉ። አንዷ ስታስል ሌላዋ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት ታፈላላታለች፤ ከአገር ፌጦ የተላከላትም ታወጣለች። ይሁን፣ ጉሮሮ ያለሰልሳል። የሚያስቆጣኝ ቀጥሎ ከቦርሳ የሚወጣው የተራረፈ አሞክሲሲሊን ነው። ሊባኖስ ውስጥ አንቲባዮቲክ ያለ ሐኪም ማዘዣ መግዛት ቀላል ስለሆነ ሁሉም ቦርሳ ውስጥ አይጠፋም። ቫይረስን ግን አንቲባዮቲክ አይነካውም። ለኢንፍሉዌንዛ ራሱ የሚሰጠው ኦሴልታሚቪር የሚባለው መድኃኒት ነው፤ እሱም በደንብ የሚሠራው ሕመሙ በጀመረ በ48 ሰዓት ውስጥ ሲወሰድ ነው። አሠሪ ቤት የምትኖር የኮንትራት ልጅ ሐኪም ጋ ለመሄድ ፈቃድ እስክታገኝ 48 ሰዓቱ አልፎ ይሆናል።

ከዚህ ሁሉ በላይ የማይዋጥልኝ ግን ለእኛ ሴቶች የሚታደለው ምክር ነው። እረፊ፣ ከቤትሽ አትውጪ፣ ከሰው ራቂ፣ ብዙ ውኃ ጠጪ። ቤቷ የት ነው? መኝታዋ ከኩሽናው ጎን ያለች ጠባብ ክፍል ናት፣ አንዳንዴም ሳሎን ውስጥ ያለው ሶፋ ነው። የምትርቀው ከማን ነው? ጠዋት ሕፃን ታቅፋለች፣ ማታ ቴታን (አያትየዋን) ታጥባለች። እ.ኤ.አ. በ1946 የወጣው የሊባኖስ የሥራ ሕግ በ7ኛ አንቀጹ የቤት ሠራተኛን ከነጭራሹ አውጥቷታል። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው ወጥ የኮንትራት ቅጽ በሐኪም ወረቀት የሕመም ፈቃድ ይፈቅዳል፤ ነገር ግን ወረቀቱን ለማግኘት ሐኪም ጋ የሚወስዳት ያው ዋስ የሆናት አሠሪዋ (ከፊሏ) ነው። በ2020 የተሻለ ኮንትራት ቢወጣም የአገሪቱ ከፍተኛ የአስተዳደር ፍርድ ቤት ወዲያው አገደው። ለመኖሪያ ፈቃዱ (ለኢቃማ) ተብሎ የሚገዛው ኢንሹራንስም በአብዛኛው ሆስፒታል ለተኛ ሰው እንጂ ለክሊኒክና ለፋርማሲ አይሆንም። ማለትም ሳንባዋ እስኪታመም ትጠብቅ። ይህን ሁሉ ትቶ ልጅቷን «ተጠንቀቂ» ማለት ጥፋቱን በታማሚዋ ላይ መደፍደፍ ነው።

ክትባቱስ? የዓለም ጤና ድርጅት በየየካቲቱ ለሰሜኑ የዓለም ክፍል የሚሆኑትን የቫይረስ ዓይነቶች ይመርጣል፤ መርፌው መኸር ላይ ፋርማሲ ይገባል፤ ሰውነት መከላከያውን ለመሥራት ሁለት ሳምንት ያህል ይፈልጋል። በጥቅምትና በኅዳር የተወጋ ሰው ለጥር ተዘጋጅቷል ማለት ነው። «ክትባቱ ራሱ ጉንፋን ያስይዛል» የሚለውን እሑድ ላይ ሁሌ እሰማለሁ። መርፌው ውስጥ ያለው የሞተ ቫይረስ ወይም ስባሪው ስለሆነ በሽታውን ሊያስይዝ አይችልም፤ ክንድ ያማል፣ አንድ ሁለት ቀን ሰውነት ሊከብድ ይችላል። ሙሉ ዋስትና እንዳልሆነም ልናገር፤ ምርጫው በተሳካበት ዓመት እንኳ አደጋውን ከ40 እስከ 60 በመቶ ቢቀንስ ነው። ተራውን ጉንፋን ደግሞ ከናካቴው አይከላከልም። ቢሆንም ከበረኪናው የትና የት ይሻላል።

የሊባኖስ መንግሥት ያስከትበን ብሎ መቀመጥም አያዋጣም። በኮሮና ጊዜ አይተነዋል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2021 ክትባቱ ሲጀመር ምዝገባው ለነዋሪ ሁሉ ክፍት ነው ተብሎ ነበር። በሚያዝያ ግን ሂዩማን ራይትስ ዎች የመንግሥትን መዝገብ ጠቅሶ እንደገለጸው፣ ከሕዝቡ ቢያንስ 30 በመቶ የሚሆኑት የውጭ ዜጎች ከተከተቡት ውስጥ 3 በመቶ እንኳ አልሞሉም። ኢቃማ የሌላት ልጅ ስሟን የትም ማስመዝገብ ትፈራለች፤ ፍርሃቷም ከመሬት ተነሥቶ የመጣ አይደለም። ጦርነት ሲመጣ ደግሞ ይብሳል፤ እ.ኤ.አ. በ2024 መስከረም መጨረሻ የቤይሩቱ ዳሂዬ ሲደበደብ አሠሪዎቻቸው ጥለዋቸው የሸሹ ሴቶች በመንገድ ዳርና በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ተደራርበው አደሩ። የክትባቱ ወቅት ደግሞ ልክ ያኔ ነበር። በዚያ ጭንቅ ስለ ኢንፍሉዌንዛ ማን ያስባል? ስለዚህ ነው ዝግጅቱ በደህናው ቀን ማለቅ ያለበት።

እዚህ ላይ ማኅበሮቻችንን እወቅሳለሁ። ሞተች ሲባል ለሬሳ ማጓጓዣ እናዋጣለን፤ ሆስፒታል ተይዛ አትለቀቅም ሲባል ሂሳቡን እንሸፍናለን። በዚህ እንኮራለን፣ ይገባናልም። ሆኖም ከዚያው የመዋጮ ሣጥን በጥቅምት ወር ለነፍሰ ጡሯ፣ አስም ላለባት፣ ስኳር ላለባት መርፌ መግዛት ለምን አጀንዳ አይሆንም? መዋጮ የምንጠራው ሰው ከወደቀ በኋላ ብቻ ነው። ታማ የሠራችን ሴት ደግሞ «ጠንካራ ናት» ብለን እናሞግሳለን፤ ማዳም ያጨበጨበችላት ሳያንስ እኛም እንጨምርላታለን።

ለማዳምም የሚነገራት አለ፤ ለጤና ተጠንቃቂ ነኝ ስለምትል በራሷ ቋንቋ ይነገራት። በየመኸሩ ለቴታ መርፌ ትገዛለች። የአረጋውያን ሰውነት ግን ለክትባት የሚሰጠው ምላሽ ደካማ ነው፤ ቴታን የሚጠብቃት አብሯት የሚውለው ሰው ሳይታመም ሲቀር ነው። አብራት የምትውለው ማን ናት? ቴታን የምታጎርሳት፣ የምታጥባት፣ ሌሊት የምታገላብጣት ልጅ አልተወጋችም። ከዚያው ፋርማሲ ሁለተኛ መርፌ ይገዛ። ትኩሳት ያላት ቀን ቴታን ሌላ ሰው ያጉርስ፣ ደሞዝም አይቆረጥ።

«እሺ አትልም» ይሉኛል። አንዳንዷ አትልም፣ አውቃለሁ። ለእነዚያ ልጆች የማኅበሩ ሣጥን ይክፈል፤ እሑድ የሚወጡት እሑድ ይወጉ፤ ለማይወጡት ደግሞ ኮንትራት ሲታደስ በኤጀንሲው ቢሮ ከደሞዙ ጋር የሕመም ቀኑም በግልጽ ይጠየቅላቸው። የእሑዱ ክፍል መስኮትም ቡናው እስኪፈላ ድረስ ቢሆን ይከፈት። ብርዱን ጋቢ ይችለዋል።