ወንድማማቾች ብንሆንም እንጻፈው



በሆሳዕናም ሆነ በዱራሜ «ወንድማማቾች ነን፤ ሽማግሌ ፊት ብር ከቆጠርን ወረቀት ምን ያደርጋል?» እያሉ ቤት የሚገዙ አሉ። ሻጩ ሲሞት ግን ልጆቹ «አናውቅም» ይላሉ። መጻፍ አለመተማመን አይደለም። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል በቀራህ 282 ዕዳን እንድንጽፍ፣ ስንሸጥም ምስክር እንድናቆም አስተምሮናል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1723ም የቤት ሽያጭ ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት እንዲደረግ ያዛል።

«መሬቱንም ገዛሁ» ማለትም ስህተት ነው፤ ከ1967 ዓ.ም. ወዲህ የሚሸጠው ቤቱ እንጂ መሬቱ አይደለም። ስለዚህ ቀብድ ሳትሰጡ ካርታው በሻጩ ስም መሆኑን፣ ዕዳና እግድ እንደሌለበትም ማዘጋጃ ቤት ሄዳችሁ አጣሩ፤ የሻጩ ባለቤትም ትፈርም።

አላህ በረካ ያለው ቤት ይስጠን። አሚን።