ከአብሌሽን በኋላ ልብ ዳግም ሲረበሽ



በቅርቡ አንድ ጋሼ ወደምሰራበት ክሊኒክ መጡ። ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ለሚባለው የልብ ምት መዛባት ውጭ አገር ሄደው አብሌሽን ተደርጎላቸው ከተመለሱ አምስተኛ ሳምንታቸው ነው። ገና ከመቀመጣቸው «ልጄ፣ ያ ሁሉ ብር ገደል ገባ፤ ልቤ እንደድሮው ድው ድው ማለት ጀመረ» አሉኝ።

«ደም ማቅጠኛውንስ እየወሰዱ ነው?» ስላቸው፣ «እሱንማ ልቤ ሲስተካከል ተውኩት» አሉ።

እውነቱን ለመናገር፣ እኔን ያስደነገጠኝ ሁለተኛው መልሳቸው ነው።

አብሌሽን ማለት ቀጭን ቱቦ በብሽሽት ደም ስር ወደ ልብ አስገብቶ፣ የተዛባው የኤሌክትሪክ ምልክት የሚነሳበትን ቦታ በሙቀት ወይም በቅዝቃዜ ጠባሳ ማድረግ ነው። ጠባሳው እስኪሽር ልብ ይቆጣል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ 2 እና 3 ወራት የምት መዛባት ቢመለስ ሕክምናው ከሽፏል ማለት አይደለም። ብዙዎች ላይ እየቆየ ይረጋጋል።

ታዲያ ዝም ይባል ማለቴ አይደለም። ልብዎ ሲረበሽ ኢሲጂ ይነሱ። አንዳንዴ ፍላተር የሚባል፣ ፈጣን ግን ወጥ የሆነ አዲስ ምት ይመጣል። እሱ መድኃኒት ወይም ሌላ ዙር አብሌሽን ሊፈልግ ይችላል።

በጋሼ ግን አልፈርድም። ጥፋቱ የእኛ የሐኪሞች ነው ባይ ነኝ። «ተሳክቷል» ብለን እንሸኛለን፤ ታካሚው «ድኛለሁ» ብሎ ይሰማል። ደም ማቅጠኛ ከአብሌሽን በኋላ ቢያንስ ለ2 ወይም 3 ወራት ያለማቋረጥ ይወሰዳል። ከዚያ በኋላ መቀጠሉን የሚወስነው የልብ ምት መስተካከል ሳይሆን የስትሮክ ተጋላጭነት ነው፦ ዕድሜ፣ ደም ግፊት፣ ስኳር፣ የልብ ድካም፣ ከዚህ በፊት የነበረ ስትሮክ። የምት መዛባቱ ምንም ሳይሰማን ሊመለስም ይችላል። ይህን ታካሚው ከመሸኘቱ በፊት፣ በሚገባው ቋንቋ፣ ቤተሰቡ ባለበት ልንነግረው ይገባል።

ከአብሌሽን በኋላ ባሉት ሳምንታት እነዚህ ከታዩ ሳይውሉ ሳያድሩ ሆስፒታል ይሂዱ፦
✔️ ትኩሳት፣ ለመዋጥ መቸገር ወይም የደረት ህመም
✔️ ራስን መሳት ወይም የትንፋሽ ማጠር
✔️ የፊት መጣመም፣ የእጅ ወይም እግር መዛል፣ የአንደበት መተሳሰር

እዚያም ሲደርሱ አብሌሽን መደረጉን አስቀድመው ይናገሩ።

የእኛ ጋሼስ? ኢሲጂው ፊብሪሌሽኑ መመለሱን አሳየ። ከልብ ሐኪማቸው ጋር ተነጋግረን ማቅጠኛውን በዚያው ቀን ጀመሩ። ብሩም ገደል አልገባም፤ ትንሽ ትዕግስት ነው የሚፈልገው።

ቤተሰብዎ ውስጥ የታከመ ካለ ዛሬውኑ «መድኃኒቱን እየወሰድክ ነው?» ብለው ይጠይቁ። ለሌሎችም ያጋሩ። መልካም ጤና!