የሳይንስ ሙያ ማኅበራትና ከመዲናዋ ውጭ የሚሠሩ ባለሙያዎች

ከስድሳ ዓመት በላይ ያስቆጠረው የኢትዮጵያ ሕክምና ማኅበር ጽሕፈት ቤቱ በአዲስ አበባ ነው። በ2002 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ሳይንስ አካዳሚም የሚገኘው በዚያው፣ ጉለሌ በሚገኘው በብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የቀድሞ መኖሪያ ነው። ባለሙያዎቹ ግን ዛሬ በመዲናዋ ብቻ አይደሉም። ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ከሆሳዕናው ዋና ግቢ ሌላ በዱራሜ ካምፓስ አለው፤ የማስተማሪያ ሆስፒታሉም የሐዲያ ተወላጇን የንግሥት እሌኒን ስም ይዟል።

ከሆሳዕና አዲስ አበባ 230 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ለሁለት ቀን ጉባኤ ከዱራሜ የምትነሣ፣ ሕፃን የምታጠባ መምህርት የጉዞውን ጊዜ ስትጨምር አራት ቀን ያስፈልጋታል። የውሎ አበል ቢፈቀድላት እንኳ ሕፃኑን የሚይዝላት ካላገኘች መቅረቷ አይቀርም።

ጉዳዩ ከአንድ ጉባኤ መቅረት ያለፈ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት የማኅበር የበላይ አካል ጠቅላላ ጉባኤው በመሆኑ፣ መገኘት ያዳገታቸው አባላት ያዳገታቸውን አሠራር ለማስለወጥም ድምፅ ያጣሉ። መንግሥት ይህን በመመሪያ ሊያስተካክለው አይገባም፤ የማኅበራቱ ነፃነት ነውና። ጉባኤውን በየተራ በሆሳዕናና በመሰል ከተሞች ማካሄድ፣ በስብሰባው ስፍራ የሕፃናት ማቆያ ማዘጋጀት፣ ከርቀት ድምፅ መስጠትን በመተዳደሪያ ደንብ መፍቀድ ግን በእጃቸው ያለ ነው። ዩኒቨርሲቲዎችም በየዓመቱ ነባሮቹን ብቻ ከመላክ ቢቆጠቡ መልካም ነው።